የንግግር ሕክምና በነጥብ ብቻ አይወሰን

ለአዘጋጁ፦

አንድ ሕፃን የንግግር ሕክምና ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን በፈተና ነጥብ ብቻ መወሰን ተገቢ አይመስለኝም። አማካዩ 100 በሆነ ፈተና መቁረጫው 77 ከሆነ፣ 78 ያመጣው ልጅ «ደህና ነው» ተብሎ ይሸኛል። ይህችን የአንድ ነጥብ ልዩነት ግን የዕለቱ እንቅልፍ ማጣት ወይም መርማሪውን መፍራት ሊያመጣት ይችላል።

በሁለት ቋንቋ አፉን የሚፈታ ልጅ ደግሞ በአንዱ ብቻ ሲፈተን በሌላው የሚያውቃቸው ቃላት አይቆጠሩለትም፤ ጤነኛው ልጅ ችግር አለበት ይባላል። (ሁለት ቋንቋ መስማት በራሱ የንግግር እክል አያመጣም።)

ስለዚህ ምርመራው በመስማት ፍተሻ ይጀመር፤ ልጁ ሲጫወት ይታይ፣ ወላጆቹም ይጠየቁ። መቁረጫው አካባቢ የቀረ ልጅ መዝገቡ ሳይዘጋ በ6 ወር ውስጥ ዳግም ይመርመር።

አንድ አንባቢ