ሳይገራ ጋሪ ላይ የሚጠመድ ፈረስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ስለ ባጃጅ ብዙ ትጽፋላችሁ፤ ዛሬ ለፈረስም ትንሽ ቦታ ስጡልኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከገበያ ስወጣ አንድ ለጋ ፈረስ ጋሪ እንደተጠመደ መሀል መንገድ ላይ ተገትሯል። ልጁ ግራውን ዛብ፣ ማለት የልጓሙን ገመድ፣ ይስባል፤ ፈረሱ አንገቱን ወደ ግራ ቆልምሞ ገላውን ወደ ቀኝ ይወስዳል። ልጁ ይባስ ብሎ በሁለት እጁ ጎተተ፣ ቀጥሎ አለንጋ። ጠጋ ብዬ ሳይ የአፉ ጥግ ተሰንጥቆ አረፋው ደም ቀላቅሏል። «እልኸኛ ነው እኮ ጋሼ» አለኝ። ምን እልኸኛ ነው፣ ማን አስተማረውና!

በልጁ ግን አልፈርድም። እኔም በልጅነቴ የአባቴን ፈረስ እንዲሁ አበላሽቼዋለሁ፤ እስኪሸጥ ድረስ ወደ ቀኝ አልዞርም እንዳለ ቀረ። ያኔ ሰፈራችን የነበሩ አንድ ፈረስ ገሪ ሽማግሌ ጠሩኝና ዛቡን ክንዴ ላይ አስረው ዓይኔን አስጨፈኑኝ። ሳብ ሲያደርጉት ዞርኩ። አሁንም ይስባሉ። «ዞሬያለሁ እኮ አባባ!» ስላቸው ሳቁ። «ፈረሱም ይህንኑ እያለህ ነው» አሉኝ።

የመግራት ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጋሪ የለም፣ አፉ ውስጥም ብረት አይገባም፤ በአፍንጫው ላይ በሚያልፍ ማሰሪያ ግራና ቀኝ ረጅም ገመድ አስሮ ከኋላው በእግር መንዳት ነው፣ ግን ትንሽ ወደ ጎን ብሎ፣ ምክንያቱም ፈረስ በቀጥታ ከጭራው ጀርባ ያለውን ሰው ስለማያይ ይደነግጥና ይራገጣል። የመዞሪያውን ትእዛዝ በቃል ትናገራለህ፣ ከዚያ ገመዱን ቀስ ብለህ ሳብ። አንድ እርምጃ እንደዞረ ወዲያው አላላለት። ዘግይተህ ብታላላለት ግን የትኛው ሥራው ዕረፍት እንዳስገኘለት አይገባውም። ግራውን ስለለመደ ደግሞ ቀኙን ያውቃል ማለት አይደለም፣ ለየብቻ ነው የሚማረው። በቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል።

ሌላው ጥርሱ ነው። ፈረስ የወተት ጥርሱን መቀየር የሚጀምረው 2 ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ነው፤ 5 ዓመት እስኪሞላው ይቀይራል። ድዱ ቆስሎ ልጓም ሲጎተትበት ራሱን ቢወዘውዝ ምን ይገርማል?

የሚያሳፍረው ደግሞ ይህ ጅማ መሆኑ። የድሮው የጅማ ንጉሥ የአባ ጅፋር ስም ራሱ የፈረስ ስም ነው፤ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ላይ አለ። እኛ ግን ትናንት የተገዛ ፈረስ ዛሬ ሲሚንቶ እናስጎትታለን።

ፈረስ የምትሸጡ፣ ካልተገራ አልተገራም በሉ። ገዢም ብሩን ከመቁጠርህ በፊት ግራና ቀኝ አዙረህ እየው። ያን ልጅ በሚቀጥለው ሐሙስ ካገኘሁት «ክንድህን አበድረኝ» ልለው ነው፤ ዛቡን ይዤ እሄዳለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ