የቆየ ራጅ እንዳይጠፋ፦ ለአጥንት ጉብታ ታማሚዎች ክትትል የድጋፍ ጥሪ

በደሴና በኮምቦልቻ በየቅሬው (በየዕድሩ) ያላችሁ፣ ከአገር ርቃችሁም የምትኖሩ ወገኖቻችን፤

በሁለቱም ጉልበቱ ዙሪያ፣ በክንዱና በትከሻው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጉብታ ያለው ልጅ ካያችሁ፣ ከወላጆቹም አንዱ እንዲሁ ካለበት፣ ሕመሙ ኸረዲተሪ መልቲፕል ኤክሶስቶሲስ የሚባለው ሊሆን ይችላል። በዘር ይወርዳል እንጂ እርግማን አይደለም። አንዱ ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ከ50,000 ሰው አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል።

ጉብታው ራሱ ካንሰር አይደለም። ከልጁ ጋር ያድጋል፤ ቁመቱ ሲቆም እሱም ይቆማል። ኮንድሮሳርኮማ ወደሚባለው የአጥንት ካንሰር የሚለወጥባቸው ከ100 ታማሚ ከ1 እስከ 5 ቢሆኑ ነው። ነገር ግን ይህ ካንሰር በኬሞም በጨረርም እምብዛም አይበገርም። ዋናው ሕክምና ሳይስፋፋ ደርሶ በቀዶ ጥገና ከነዙሪያው ማውጣት ነው።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በማነጻጸር። ዕድገቱን በጨረሰ ሰው ላይ ጉብታ እንደገና መጨመር ከጀመረ ወይም ያልነበረ ሕመም ከመጣ፣ ቀን ሳይቆጥሩ መታየት ያስፈልጋል። ጉብታው አናት ላይ እንደ ቆብ የተደፋ ለስላሳ አጥንት አለ፤ በአዋቂ ሰው ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ያሳስባል። ራጅ ይህን ቆብ በደንብ አያሳይም። ቆዳ ሥር ያለውን አልትራሳውንድ ይለካዋል፤ ዋጋውም ይቀላል። ዳሌ ውስጥና ከትከሻ ሳንቃ ሥር ለተደበቀው ግን ኤምአርአይ የሚባለው የማግኔት ምርመራ ያስፈልጋል። ክፋቱ ደግሞ ወደ ካንሰር መለወጡ የሚበዛው እጅ በማይደርስበት በዚሁ በዳሌና በትከሻ አካባቢ መሆኑ ነው።

ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በትንሽ ነገር ነው። የዛሬ 5 ዓመት የተነሣው ራጅ ፍራሽ ሥር ታጥፎ ተሰነጣጥቆ ይገኛል፤ ያኔ ሐኪሙ ጉብታው ማደጉን በምን ይመዝን? ወጌሻ ቢያሸውም አይጠፋም፤ የወለቀ አጥንት አይደለምና። ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ግን ወራት ያስበላል። ከጉብታው ለምርመራ የሚወሰደው ናሙናም በችኮላ አይወሰድም። መርፌው ባለፈበት መንገድ የካንሰር ሕዋስ ሊቀር ስለሚችል፣ ቦታውን መምረጥ ያለበት ኋላ ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪም ነው። የተቆረጠው ሥጋ ደግሞ ከመጠኑ 10 እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን (ማቆያ ፈሳሽ) ውስጥ ካልተቀመጠ መሐሉ ይበሰብስና ላቦራቶሪው ሊያነበው አይችልም።

መዋጮው የሚውለው ለዚሁ ነው። ለእያንዳንዱ ታማሚ 1 ደብተር፣ 1 የልብስ ሰፊ ሜትር፣ 1 ጠንካራ የራጅ ኤንቨሎፕ። በየ6 ወሩ ጉብታው ከጉልበት ወይም ከክርን ስንት ሴንቲ ሜትር ርቆ እንዳለ፣ ወርዱና ቁመቱ ከነቀኑ ይጻፋል፤ የ1 ብር ሳንቲም ጎን ለጎን ተቀምጦ ፎቶ ይነሣል። ዕድገቱን ለጨረሰ ሰው ለማነጻጸሪያ የሚሆን የመጀመሪያ ራጅና አልትራሳውንድ፣ ሐኪም ካዘዘም ኤምአርአይ ይከፈላል። የሚያሳስብ ነገር ከታየ ለታማሚውና ለ1 አስታማሚ የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ይሸፈናል። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ሕክምና ጠፍቶ ሳይሆን የመሳፈሪያና የማደሪያ ጠፍቶ ነው።

ገንዘብ በየቅሬያችሁ ገንዘብ ያዥ በኩል፣ ደረሰኝ ተቆርጦላችሁ ብቻ ስጡ፤ ያለ ደረሰኝ ለማንም አትስጡ። ወጪ በ3 ሰው ፊርማ ይወጣል፤ ሒሳቡም በየወሩ ቅሬው ላይ ይነበባል። ገንዘብ ያልሞላለት በአዲስ አበባ ለ3 ሌሊት የሚሆን ማደሪያ፣ ወይም አውቶቡስ ላይ 2 ወንበር ቢሰጥ እኩል ይጠቅማል።

ጉብታው ያለባችሁ ደግሞ አብሽሩ፣ አትደበቁ። ስትመጡ አዲሱን ብቻ ሳይሆን የቆየውንም ራጅ፣ ቢታጠፍም ቢቧጨርም፣ ይዛችሁ ኑ።