ከመስከረም ጀምሮ በልጅ እጅ ብር አትላኩልን

ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ በያላችሁበት

ጤና ይስጥልኝ። ክረምቱን እንዴት ከረማችሁ?

ምዝገባ ሳንጀምር አንድ ነገር ላሳውቃችሁ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ትምህርት ቤታችን ወርሃዊ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። የምትከፍሉት በባንክ ሂሳባችን ወይም በቴሌብር ይሆናል። በልጅ ቦርሳ፣ በፖስታ ታሽጎ የሚመጣ ብር ደግሞ በምንም ምክንያት አንቀበልም።

ውሳኔው የሚከብዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪያችን የወሩን ክፍያ ይዞ ሲመጣ ታክሲ ውስጥ ጣለው። ለእናቱ አልተናገረም። ለእኛም አልተናገረም። እኛ ክፍያው ዘገየ ብለን ማስታወሻ ጻፍን። ማስታወሻውን የሰጠነው ለራሱ ለልጁ ነው። ደብተሩ ውስጥ ደበቀው። ሁለተኛ ጻፍን፤ ሦስተኛ ጻፍን። እናቱ መክፈሏን ታውቃለች። እኛ አለመከፈሉን እናውቃለን። መሃል ላይ ያለው ግን የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሳ ዕቃውን ሳይነካው ይዞ ይመለስ ነበር። የነቃችበት የክፍሉ መምህርት ናት። እናቱ መጥታ "ለምን አልነገርከኝም?" ስትለው መልስ አልነበረውም። ዝም ብሎ አለቀሰ። ሸክሙ የአዋቂ ነበር፤ ልጁ ላይ የጫንነውም እኛው ነን። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

ጊዜውም ቢሆን ተለውጧል። የዛሬ አምስት ዓመት ይህን ደብዳቤ ብጽፍላችሁ አብዛኞቻችሁ "በምን ልክፈል ነው የምትሉኝ?" ትሉኝ ነበር። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ላይ ነው። ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል። በ2015 ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በስልክ ብቻ ይከፈል ሲባል ማደያው ላይ የነበረውን ግራ መጋባት ሾፌር የሆናችሁ ወላጆች ታስታውሱታላችሁ። አሁን የተለመደ ነገር ሆኗል። የመብራት ክፍያ በስልክ ነው። እቁብና እድር ሳይቀሩ በስልክ እየተሰበሰቡ ነው። ጉሊት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ እናት ቁጥሯን ካርቶን ላይ አጽፋ ሰቅላዋለች።

ካርድ እኛ አገር እንዲህ አልገባም። ብዙዎቻችን ካርድ የምንይዘው ከኤቲኤም ብር ለማውጣት ነው፤ ዞሮ ዞሮ ጥሬ ገንዘብ ለመያዝ ማለት ነው። በካርድ ለመክፈል ባለሱቁ ማሽን ሊኖረው ይገባል። ስልክ ግን በየቤቱ ነበር። በ2012 ብሔራዊ ባንክ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም በስልክ የመክፈያ አገልግሎት እንዲሰጡ ሲፈቅድ፣ ነገሩ ከባንክ መስኮት ወደ እጃችን የመጣው ለዚህ ይመስለኛል። ስማርት ስልክ የሌላችሁም አትስጉ። *127# ብላችሁ በተራ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት ትከፍላላችሁ።

አሁን ወደ አከፋፈሉ ልምጣ። እስካሁን በቴሌብር ስንቀበል የነበረው በገንዘብ ያዣችን የግል ስልክ ነበር። ይህ የእኛ ስህተት ነው። አንድ አባት ከስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ተሳስተው ብሩን ለማያውቁት ሰው ላኩት። ስክሪንሾቱን አሳዩን፤ ብሩ ግን እኛ ጋ የለም። ሂሳብ ክፍል ውስጥ የማይገባ ቃል ተነገራቸው፤ አጭበርባሪ እስከመባል ደረሱ። ስናጣራ ሰውየው እውነታቸውን ነው፤ ከፍለዋል፤ ብቻ ለእኛ አይደለም። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ከእንግዲህ በትምህርት ቤቱ ስም የወጣ የነጋዴ ቁጥር አለን። ቁጥሩ በበሩና በሂሳብ ክፍሉ መስኮት ላይ ተለጥፏል። ስታስገቡት የትምህርት ቤቱ ስም ይመጣላችኋል። ስሙን ሳታነቡ እሺ አትበሉ። ማስታወሻ በሚለው ቦታ ላይ የልጁን ሙሉ ስምና ክፍል ጻፉ፤ ያለዚያ የማን ክፍያ እንደሆነ ለማወቅ እንቸገራለን። ስክሪንሾት እንደ ደረሰኝ አይቆጠርም፤ ፎቶ በቀላሉ ይቀየራል። የግብይት ቁጥሩን ብቻ ላኩልን። ብሩ መግባቱን አይተን በዚያው ቀን ደረሰኝ እንቆርጣለን።

"ሲስተም የለም" የሚባለውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ኔትወርክ ስለጠፋ ወይም ባንኩ ስላልሠራ ብቻ ቅጣት የሚከፍል ወላጅ አይኖርም። ደውላችሁ ንገሩን፤ በቃ። ክፍያ ዘግይቷል ተብሎም ከክፍል የሚወጣ ልጅ የለም። ማስታወሻ በልጅ እጅ አንልክም። የብር ጉዳይ ካለን ለእናንተ ነው የምንደውለው።

ይህን ስጽፍ ከሁሉም በላይ ያሰብኩት አያቶችን ነው። እናቶቻቸው ለሥራ ዓረብ አገር ያሉ፣ ከአያት ጋር የሚያድጉ ተማሪዎች አሉን። አያትየዋ መልእክት አያነቡም። ብር ሲመጣላቸው ጎረቤት ይጠራሉ፤ ለጎረቤቱም የሚስጥር ቁጥራቸውን ይነግሩታል። ደግ ጎረቤት ብዙ ነው። ግን ይህን ዓይነት አደራ ለማንም መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። እማማ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ ይስሙኝ፤ ስልክ የግድ አይደለም። ባንክ ሄደው ብሩን እዚያው ሂሳባችን ውስጥ ያስገቡ፤ የባንኩን ወረቀት ብቻ ያምጡልን። ስልኩን መልመድ ከፈለጉም ነሐሴ 24 እና ጳጉሜን 1፣ ሁለቱም ቅዳሜ ናቸው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሁለት መምህራን ግቢ ውስጥ ይጠብቁዎታል። ቁጥሩን በራስዎ ጣት እየነኩ ያሳዩዎታል።

የሚስጥር ቁጥርን ካነሳሁ አይቀር፦ ልጆቻችሁ ያውቁታል። አንድ ክፍል ውስጥ "የእናት ወይም የአባቱን የሚስጥር ቁጥር የሚያውቅ?" ብዬ ስጠይቅ ግማሹ ክፍል እጁን አወጣ። ዛሬውኑ ቀይሩት። "ከትምህርት ቤት ነው፣ ልጅዎ ታሟል፣ ብር ይላኩ" የሚል ስልክ ቢደወልላችሁ ዘግታችሁ በምታውቁት ቁጥር ደውሉልን። እኛ በስልክ ብር አንጠይቅም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የሦስተኛ ክፍል መምህርት ሒሳብ ስታስተምር "ደብተር 35 ብር ነው፤ 50 ብር ብትሰጥ መልሱ ስንት ነው?" ብላ አንዱን ጠየቀችው። ልጁ "መልስ የለውም፤ በስልክ ልክ ልኩን ነው የሚላከው" አላት። እውነቱን ነው። እናቱ ስትከፍል የሚያየው እንደዚያ ነው። የብር ኖት ሲዘረዘር፣ ሲቆጠር፣ ሲያልቅ አላየም። እኛ ሱቅ ተልከን፣ መልሱን በእጃችን ጨብጠን እየቆጠርን ነው የተማርነው። ይህ ልጅ ብር ማለቁን በምን ያውቃል?

ስለዚህ የግቢው ሻይ ቤት በጥሬ ገንዘብ ይቀጥላል። ለልጃችሁ አልፎ አልፎ ትንሽ ዝርዝር ስጡት፤ መልሱን ቆጥሮ ያስረክባችሁ። እቤት በስልክ ስትከፍሉ ደግሞ አጠገባችሁ አስቀምጡት። ስንት ነበር፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ የሚለውን መልእክት ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።

እንቁጣጣሽም እየደረሰ ነው። ዓምና ተማሪዎቻችን አበባየሆሽ ሲሉ ውለው "ዝርዝር የለኝም፣ ብሬ ስልኬ ላይ ነው" የተባሉበት በር ብዙ እንደነበር ነግረውኛል። እባካችሁ ከወዲሁ ትንሽ ዘርዝራችሁ ያዙላቸው።

ምዝገባ ሰኞ ነሐሴ 26 ይጀምራል። ያልገባችሁ ነገር ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር