ሴሮታይፕና ጂኖታይፕ አንድ አይደሉም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሄፓታይተስ ሲ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ በሽታው መተላለፊያ መንገዶች የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በደም ውስጥ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል በመመርመር የቫይረሱን ጂኖታይፕ (በዘረመሉ የሚለየውን ዝርያ) ማወቅ እንደሚቻል የሚገልጸው አንቀጽ ሁለት የተለያዩ ምርመራዎችን አንድ አድርጎ ስላቀረበ፣ ለዓመታት በላቦራቶሪ የሠራሁ ሰው እንደመሆኔ እርማት እንዲደረግበት እጠይቃለሁ።

ጂኖታይፕ የሚታወቀው ከቫይረሱ ከራሱ፣ ማለትም አርኤንኤው (የዘረመል ቁሱ) ተባዝቶ ቅደም ተከተሉ ሲነበብ ነው። እስካሁን የታወቁት ዋና ዋና ጂኖታይፖች 8 ሲሆኑ፣ እርስ በርሳቸው 30 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይለያያሉ። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ግን ቫይረሱን አያይም፤ የሚያየው ሰውነት ለቫይረሱ የሰጠውን ምላሽ ነው። ለዚህ ሥራ በአብዛኛው የተመረጠው ኤንኤስ 4 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ከዝርያ ዝርያ በጉልህ ይለያያል። ከ1 እስከ 6 ላሉት ዝርያዎች በሰው ሠራሽ መንገድ የተዘጋጁ የፕሮቲኑ ቁርጥራጮች በመመርመሪያው ሳህን ላይ ይለጠፋሉ፤ ከሌሎቹ ዝርያዎች የተወሰዱት ደግሞ በፈሳሹ ውስጥ ተጨምረው ለሁሉም የሚጣበቁትን ፀረ እንግዳ አካላት ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ በአንዱ ጉድጓድ ብቻ ቀለም ከታየ፣ ውጤቱ ሴሮታይፕ ተብሎ ይጻፋል። ብልህ ዘዴ መሆኑን አልክድም።

ጥቅሙም ቀላል አይደለም። ፀረ እንግዳ አካልን በቀለም ለውጥ ለሚያሳየው ተራ የኤላይዛ ምርመራ ከሚያስፈልገው መሣሪያ የበለጠ አይጠይቅም፤ ናሙናው በአያያዝ ጉድለት አርኤንኤው ቢበላሽበት እንኳ ፀረ እንግዳ አካሉ ስለሚቆይ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ከዚህም በላይ ቫይረሱን ያለ ሕክምና ያስወገደ ሰው ቀድሞ በየትኛው ዝርያ ተይዞ እንደነበር ለማወቅ የሚቀረው አሻራ ይህ ብቻ ነው።

ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ አሻራ ነው። ቀድሞ በዝርያ 1 ተይዞ የዳነ ሰው ኋላ በዝርያ 3 ቢያዝ፣ ምርመራው የድሮውን ወይም ሁለቱንም ሊያሳይ ይችላል፤ አንባቢው ሐኪም ደግሞ ሁለት ቫይረስ ባንድ ጊዜ እንዳለ ሊገምት ይችላል። የበሽታ መከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች፣ ለምሳሌ ኤችአይቪ ባለባቸው ወይም ኩላሊት በተተከለላቸው፣ ምርመራው ብዙ ጊዜ ዝርያውን ሳይለይ ይቀራል። ንዑስ ዝርያን፣ ለምሳሌ 1ኤን ከ1ቢ፣ መለየትም አይችልም።

ኢንተርፌሮንና ሪባቫይሪን የተባሉት የቀድሞ መድኃኒቶች በሚሰጡበት ዘመን ይህ ስሕተት ለታማሚው ከባድ ነበር፤ ጂኖታይፕ 1 ያለበት ሰው 48 ሳምንት፣ 2 ወይም 3 ያለበት ደግሞ 24 ሳምንት ይታከም ስለነበር ዝርያውን መሳሳት ማለት የሕክምናውን ጊዜ መሳሳት ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 ጀምሮ ለአዋቂዎች የሚመክረው ሁሉንም ጂኖታይፖች የሚያክሙ መድኃኒቶችን ነው፤ ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር አንድ ላይ ለ12 ሳምንት ሲወሰዱ ከመቶ ታካሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ያድናሉ። ስለዚህ ለአብዛኛው ታማሚ ቀዳሚው ጥያቄ ቫይረሱ አሁን በደሙ ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ የሚመልሰው የአርኤንኤ ወይም የኮር አንቲጂን (የቫይረሱ የራሱ ፕሮቲን) ምርመራ እንጂ ከዳኑ በኋላም ለዓመታት የሚቆየው ፀረ እንግዳ አካል አይደለም። ዝርያውን ማወቅ አሁንም የሚያስፈልገው ጉበቱ በጠባሳ የተጎዳና ጂኖታይፕ 3 ሊኖርበት የሚችል ታማሚ ሲመጣ፣ ወይም ከሕክምና በኋላ ቫይረሱ ተመልሶ ሲገኝ የቀድሞው ይሁን አዲስ ለመለየት ነው፤ በተለይ በዚህ በኋለኛው ጊዜ ደግሞ ሴሮታይፕ አያስተማምንም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ «ጂኖታይፕ» ያላችሁትን «ሴሮታይፕ» ብላችሁ እንድታርሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሙያ ባልደረቦቼም የውጤት ወረቀት ሲሞሉ ዝርያው በየትኛው ዘዴ እንደተለየ ከቁጥሩ ጎን ቢጽፉ መልካም ነው፤ ቁጥር 3 ብቻውን ሲነበብ ከየት እንደመጣ አይናገርምና።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ