የድርጅት ዜና የቦንድ ዋጋን እንዴት ያንቀሳቅሳል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እዚህ ባሕር ዳር ቢሯችን የሚመጣው ጥያቄ ተቀይሯል። በፊት ስለ ግብር እና ስለ ሂሳብ መዝገብ ብቻ ነበር። አሁን «አክሲዮን ይሻለኛል ወይስ ቦንድ?» የሚለው በዝቷል። ከዚያ ይቀጥልና «የድርጅቱ ዜና ጥሩ ከሆነ ቦንዱም ዋጋው ይጨምራል አይደል?» ይባላል። ሁልጊዜ አይደለም። ምክንያቱን በደንብ ብናስረዳ ብለን ይህን ጻፍን።

ቦንድ ማለት ለድርጅት ወይም ለመንግሥት ያበደሩበት ሰነድ ነው፤ አክሲዮን ግን የባለቤትነት ድርሻ ነው። አብዛኞቻችን ቦንድን ያወቅነው በሕዳሴው ግድብ ነው። ገዝተን ሰርተፍኬቱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥን። በየቀኑ የሚገዛና የሚሸጥ ስላልነበረ ዋጋው ሲወጣ ሲወርድ አላየንም። ገበያ ላይ የሚውል የድርጅት ቦንድ ግን ሌላ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ድርጅት ቦንድ ሸጦ 1,000 ብር ተበድሮ በዓመት 100 ብር ወለድ ይከፍላል እንበል። ዋናውን ሊመልስ 3 ዓመት ይቀረዋል። መጥፎ ወሬ ተሰማ። ገዢዎች «ለዚህ ድርጅትማ ከ15 በመቶ በታች አናበድርም» አሉ። ወለዱ በውል የታሰረ ስለሆነ 100 ብር እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ የሚወርደው የቦንዱ ዋጋ ነው፤ ወደ 886 ብር ገደማ። ያው ቦንድ 10 ዓመት ቢቀረው ኖሮ ወደ 749 ብር ይወርድ ነበር። ረጅም ጊዜ የሚቀረው ቦንድ የያዘ ሰው በዚያው ወሬ የበለጠ ይጎዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል ቦንድ ሸጦልዎታል እንበል። እንግዳ በዛ፣ ትርፉ እጥፍ ሆነ። ባለአክሲዮኑ ትልቅ ድርሻ ይወስዳል። እርስዎ ግን ያው 100 ብርዎ ነው። ስጋቱ ስለቀለለ የቦንዱ ዋጋ ትንሽ ከፍ ይል ይሆናል፤ ከዚያ አያልፍም። ሆቴሉ ከከሰረ ግን ዋናው ገንዘብዎም አደጋ ላይ ነው። አበዳሪ የሚያተርፈው በልክ ነው፤ የሚከስረው ግን ብዙ ሊሆን ይችላል።

ይኸው ሆቴል ሕንፃውን ለባንክ አስይዞ ዘጌ ላይ ሊስፋፋ ነው ቢባልስ? ከተማው «እሰይ!» ይላል። የእርስዎ ቦንድ መያዣ ከሌለው ግን ነገር ቢበላሽ ባንኩ ቀድሞዎት ይከፈለዋል። ዕዳው ጨመረ፣ እርስዎ ወረፋው ላይ ወደ ኋላ ሄዱ። ዜናው የደስታ ቢሆንም ቦንድዎ ሊረክስ ይችላል።

ይህ በእውን የሆነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካው የትምባሆና የብስኩት ድርጅት አር ጄ አር ናቢስኮ ዕዳው በራሱ በድርጅቱ ላይ በሚወድቅ ብዙ ብድር ሊገዛ ነው ተባለ። አክሲዮኑ ሰማይ ወጣ። የቆዩት ቦንዶች ግን ክፉኛ ወደቁ። ቦንዱን በብዛት የያዘው የሜትሮፖሊታን ላይፍ ኢንሹራንስ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1989 ፍርድ ቤቱ ለድርጅቱ ፈረደ፤ ውሉ አዲስ ብድር መውሰድን አይከለክልም ነበርና። እኛ ይህን ታሪክ ደጋግመን የምናነሳው ለዚህ ነው። ውሉ ውስጥ ያልተጻፈ ጥበቃ የለም።

የድርጅቶችን ዕዳ የመክፈል አቅም መዝነው ደረጃ ስለሚሰጡት፣ ስለ ብድር ደረጃ አውጪዎችም ትጠይቁናላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ የጄኔራል ሞተርስንና የፎርድን ደረጃ ዝቅ አድርጎ ከአስተማማኞቹ ጎራ አስወጣቸው። ሕጋቸው ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ቦንድ እንዳይዙ የሚከለክላቸው ተቋማት ይህን ጊዜ ለመሸጥ ይገደዳሉ። ገበያው ግን ብዙውን ጊዜ ደረጃው እስኪወርድ አይጠብቅም፤ ቀደም ብሎ ሸትቶት ዋጋውን ቀንሶ ይቆያል። ዋጋን በአንዴ የሚያናጋው ማንም ያልጠበቀው ዜና ነው።

ቦንዱን እስከ ማብቂያው ቀን ለመያዝ ያሰበ ሰው በየመሃሉ ዋጋ ወረደ ብሎ አይደናገጥ። ድርጅቱ ከከፈለ ገንዘቡን በሙሉ ያገኛል። መሃል ላይ ለልጅ ትምህርት ወይም ለቤት መሥሪያ ሊሸጠው የሚችል ሰው ግን ዜናውን መከታተል አለበት። ወሬ ሲሰሙ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ዕዳው ጨመረ ወይ? በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ወለዱን ይችላል ወይ? ከእኔ የሚቀድም አበዳሪ መጣ ወይ?

ቦንድ ግዙ የሚል ሰነድ ከደረሳችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይዛችሁ ኑ። አዲስ ብድርና መያዣ የሚለውን ክፍል አብረን ቁጭ ብለን እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቢሮው ባልደረቦች፣ ባሕር ዳር