ለአባላት፦ ስለ አስፈሪው መጠጥ ቤት
ውድ አባላት፣ ለዚህ ዙር ታሪካችሁ የትንሿን ከተማ መጠጥ ቤት ከመጻፋችሁ በፊት ወለሉን በወረቀት ንደፉት፤ በሩ፣ ባንኮኒው፣ መጸዳጃው፣ የጓሮ መውጫው የት የት ነው? ይህ ካልተወሰነ ገጽ 3 ላይ በስተግራ የነበረው በር ገጽ 9 ላይ በስተቀኝ ይገኝና አንባቢው ፍርሃቱን ትቶ ስህተት ይቆጥራል። ቋሚ ደንበኞቹ 4 ቢሆኑ ይበቃል፤ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ወንበርና አንድ ልማድ ስጧቸው። መጀመሪያ 2 ተራ ምሽቶች አሳዩን፤ በ3ኛው አንድ ነገር ብቻ ይዛነፍ። ለምሳሌ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው መስታወት 5 ሰው ያሳይ። ሲያጉረመርም ያመሸ ማቀዝቀዣ ድንገት ዝም ሲልም ከጩኸት የበለጠ ያስደነግጣል። እንግዳ ሲገባ ሁሉም ጸጥ የሚልበትን ትዕይንት ግን እባካችሁ ተዉት፣ አርጅቷል። ይልቅስ ማንነቱን ሳይነግራቸው በስሙ ይጥሩት።