አርቪውን ከመከራየትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኔም እናትሽም ደህና ነን፤ እሷን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ የለም። የላክሽውን የአርቪ፣ የዚያን አልጋና ምድጃ ያለው የሽርሽር መኪና፣ ፎቶ አየሁት። 32 ጫማ! ሽርሽር ነው ወይስ ቤት ልትቀይሩ ነው? እናንተ አራት፣ እናትሽ ስትጨመር አምስት። 25 ጫማው ይበቃችኋል። እኔ ድንኳኔን ይዤ ከኦክላንድ እመጣለሁ፣ በእኔ አታስቢ።

አለንስዎርዝን፣ ያችን ዛሬ የካሊፎርኒያ ስቴት ፓርክ የሆነችውን የጥቁሮች ከተማ፣ መምረጥሽ ግን ደስ ብሎኛል። አርቪ የተከራየ ሰው ሁሉ ዮሰሚቲ ነው የሚለው። አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ቦታው ሜዳ ነው። ተራራ የለ፣ ፏፏቴ የለ። ልጆቹ «እና ምን አለ እዚህ?» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ታሪኩን መንገድ ላይ አውሪላቸው።

ከተማዋን ከመሠረተው ከኮሎኔሉ ጀምሪ። አለን አለንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1842 ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ውስጥ በባርነት ተወለደ። ልጅ ሆኖ ማንበብ መማር ጀመረ ተብሎ ከእናቱ ነጥለው ሸጡት። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲመጣ የሰሜን ወታደሮች አሮጌ የደንብ ልብስ አለበሱት፣ ፊቱን ጭቃ ቀቡት፣ ከሰልፋቸው መሃል አስገብተው በገዛ ከተማው አሳልፈው አስመለጡት። ይቺን ለማሙሽ ንገሪው፤ ደጋግሞ ያስወራሻል። ኋላ ባሕር ኃይል ገባ፣ ሰባኪ ሆነ፣ በ1886 የ24ኛው እግረኛ ሬጅመንት ቄስ ተደርጎ ተሾመ። በ1906 ጡረታ ሲወጣ ሌተና ኮሎኔል ነበር። በዚያ ዘመን ከእሱ በላይ ማዕረግ ያለው ጥቁር መኮንን አልነበረም።

ሌላው ሰው በዚያ ዕድሜው ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። እሱ በ1908 ከጓደኞቹ ጋር ቱላሪ ካውንቲ ውስጥ መሬት ይዞ ጥቁሮች ራሳቸው የሚያስተዳድሯት ከተማ ቆረቆረ። ትምህርት ቤት፣ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። ቤተ መጻሕፍቱን ባለቤቱ ጆሴፊን በእናቷ ስም አሠራችው። አላባማ ያለውን የጥቁሮች ትምህርት ቤት ቱስኬጊን የመሰለ የሙያ ትምህርት ቤትም አስበው ነበር፤ የግዛቱ ምክር ቤት ገንዘቡን ሳይፈቅድ ቀረ።

ከዚያ መከራው ተደራረበ። መሬቱን የሸጠላቸው ኩባንያ ቃል የገባውን ያህል ውሃ አላቀረበም። በ1914 የባቡር መቆሚያው ወደ ጎረቤቷ አልፖ ሄደ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኮሎኔሉን ሞንሮቪያ ውስጥ መንገድ ሲያቋርጥ ሞተር ብስክሌት ገጭቶ ገደለው። ሰው ከተማዋ ለምን እንደወደቀች ሲያወራ የእሱን ሞት ያስቀድማል። እኔ አልስማማም። መሪ ይተካል። ገበሬ ያለ ውሃ ምን ይሠራል? በ1960ዎቹ ደግሞ ጭራሽ ውሃው ውስጥ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ተገኘ። ግዛቱ ቦታውን ፓርክ ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ባቡሩ ዛሬም በጎኗ ያልፋል፤ ሌሊት ጡሩንባው ይቀሰቅሳችኋል፣ እንዳትደነግጡ።

ውሃን ካነሳን አይቀር፣ የአርቪውን ታንከር ሞልተሽ ሂጂ። የምትጠጡትን ለብቻ በጠርሙስ ያዙ። አብዛኞቹ የካሊፎርኒያ ስቴት ፓርኮች መብራትና ውሃ ከመኪናው ጋር የምትሰኪበት ነገር የላቸውም። ደውለሽ ጠይቂ፣ ግን እንደሌለ አድርገሽ ተዘጋጂ። 40 ጋሎን ውሃ ወደ 150 ኪሎ ነው፤ ፍሬን ስትይዢ ይሰማሻል። የቆሸሸውን ውሃ መሬት ላይ ማፍሰስ ነውርም ነው፣ ክልክልም ነው። ማስወገጃው ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ታንከር ልቀቁ፣ ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያውን። ሁለተኛው ቱቦውን ያጥብላችኋል። ጓንት አድርጉ። ይህ ሥራ የባልሽ ነው፣ አትከራከሩ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ስንት ዓመት ትራክ የነዳሁት ለዚህ ቀን ነው። ከሎስ አንጀለስ በ5 ቁጥር አውራ ጎዳና ወጥታችሁ ቴሆን ፓስን ስትጨርሱ የግሬፕቫይን ቁልቁለት ይመጣል። ማርሽ ቀንሰሽ ውረጂ። ፍሬን ላይ ተጭነሽ አትውረጂ፤ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ አይዝም። ከዚያ 99 ቁጥር መንገድን ይዛችሁ ቤከርስፊልድን፣ ዴላኖን አልፋችሁ ኧርሊማርት ላይ ወደ ምዕራብ ትታጠፋላችሁ። ጠባብ ቦታ ስትታጠፊ የመኪናው ጭራ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ስፖኪዮሽን አትርሺ። ወደ ኋላ ስትሄጂ ባልሽ ወርዶ ረዳት ይሁን። በስፖኪዮ ካላየሽው ቁሚ። ድልድይና ነዳጅ ማደያ ስር ከመግባትሽ በፊት የአርቪውን ቁመት እወቂ፤ በወረቀት ጽፈሽ መሪው አጠገብ ለጥፊው። ልጆቹ መኪናው እየሄደ አልጋ ላይ አይጫወቱም። ቀበቶ፣ ፊት ለፊት በሚያይ ወንበር ላይ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ወቅቱስ? ሐምሌ ላይ ከ38 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ከኅዳር ጀምሮ ደግሞ ቱሊ ፎግ የሚሉት ጉም አለ፤ የራስሽን ፍሬቻ እንኳ አያሳይሽም። ጥቅምት ይሻላል። ያኔ በየዓመቱ በዓል ያከብራሉ፣ ሰው ይበዛል። የማደሪያው ቦታ ደግሞ 15 ያህል ብቻ ነው። እንዴት እንደሚያዝ፣ የቤቶቹንም ውስጥ መቼ እንደሚያስጎበኙ አሁኑኑ ደውለሽ ጠይቂ። ጀንበር ሳትጠልቅ ግቡ።

እናትሽ ድርቆሽና ቋንጣ እያዘጋጀች ነው። ጀበናውንም ትይዛለች። ቡናው በጋዝ ምድጃው ይፈላል፣ መስኮት ተከፍቶ። ከሰል ግን አርቪ ውስጥ አይነድም፤ የከሰል ጢስ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ዕጣን ካለች ውጭ፣ ጠረጴዛው ላይ ታጭስ። አለበለዚያ አላርሙ ጮሆ ሰፈሩን ሁሉ ይሰበስብብናል። ጄኔሬተሩን የምታስነሱት ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ነው የምልሽ።

ቀኑን ከባልሽ ጋር ቁረጡና ደውይልኝ። የማሙሽን ብስክሌት ከኋላ እሰሩለት፣ ለመንዳት የሚመች ሜዳ ነው።

አባትሽ